ሃምሳ ሳንቲሟ

ዛሬ የአያቴን ሁለት ሃምሳ ሳንቲሞች ይዤ መርካቶ አንድ ብር ሠሪ ዘንድ ጎራ አልኩ። ሰውዬው አንዷን መስታወቱ ላይ ጣል አደረጋት። ጥንንን አለች፣ ድምጿ ቶሎ አልጠፋም። የ1936ቷ፣ የጃንሆይ። ብር ናት። ቀጥሎ የደርጓን፣ የ1969ን ጣላት። ጠቅ! በቃ።

"ይቺ መዳብና ኒኬል ናት፤ ለልጆች መጫወቻ ስጪያት" አለኝና የጃንሆይን ሚዛን ላይ አወጣት። ለጆሮ ጌጥ።

አጠገቤ የነበረ ሳንቲም ሰብሳቢ ጎረምሳ "ኧረ እንዳታቀልጧት!" ብሎ ጮኸ። የድሮው የብር ገንዘብ፣ ማርትሬዛውም፣ ስንቱ እንዲህ ቀልጦ መስቀልና አልቦ ሆኖ ቀረ። ሰብሳቢ የሚሻማው ከእሳት የተረፈውን ነው። የደርጓንማ ማን ያቀልጣታል? በየመሳቢያው ሞልታለች። (ደግሞ እኮ ገንዘባችንን ዛሬም "ብር" ነው የምንለው!)

ሁለቱንም ይዤ ተመለስኩ። እቤት ስገባ የጃንሆይን ጠረጴዛ ላይ ሦስት ጊዜ ጣልኳት።