ለአሮጌው ላንድክሩዘር የናፍጣ ሞተር ፍለጋ

ዛሬ ከአጎቴ ጋር የመኪና ዕቃ በሚሸጥበት ሱማሌ ተራ የዋልነው ለአሮጌው 60 ሲሪስ ላንድክሩዘሩ የናፍጣ ሞተር ለመምረጥ ነበር። ቦዲውም ሻንሲውም ገና ጠንካራ ነው፤ የቤንዚን ሞተሩ የሚጠጣው ነዳጅ ግን በዛሬ ዋጋ የሚቻል አልሆነም።

ሻጩ በቅድሚያ ያቀረበልን ባለ ተርቦውን (አየር ገፍቶ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ ያለውን) የቶዮታ ሞተር፣ 1ኤችዲ-ቲን ነው። ጉልበቱ አያጠያይቅም፤ ሆኖም የመጀመሪያዎቹ ምርቶች የቢየላ ቤሪንጋቸው (ፒስተኑን የያዘው ዘንግ የሚዞርበት ማረፊያ) ያለጊዜው በመበላት ስለሚታወቁ ተውነው። ስለዚህ ምርጫው ተርቦ በሌላቸው በ2ኤች እና በ1ኤችዜድ መካከል ሆነ። 2ኤች ለዚሁ ሞዴል በፋብሪካ የተገጠመ፣ ታይሚንጉም (ቫልቮቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያስማማው ክፍል) በቺንጋ (በጎማ ቀበቶ) ሳይሆን በጥርስ የሚዞር ቻይ ሞተር ነው፤ ዕቃው ግን እየጠፋ ነው። ከ1990 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተሠራው 4.2 ሊትሩ 1ኤችዜድ በአንጻሩ ቺንጋው በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ ካልተቀየረ መዘዝ ቢያመጣም፣ ይህንኑ ሞተር ይዘው በየወረዳው በሚሠሩት የመስክ መኪኖች ምክንያት ዕቃውም የሚያውቀው መካኒክም አይታጣም። ለእኔ ሚዛን የደፋው ይህ ነው።

ተርቦ የሌለው ሞተር ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ በሆነችውና አየሯ በሳሳው አዲስ አበባ ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። እንዲያም ሆኖ፣ ተርቦ ይጨመርበት የሚለውን ምክር (መካሪ መቼም አይጠፋም) አልተቀበልንም፤ አጎቴ የሚፈልገው ቁጠባ እንጂ ሩጫ አይደለም።

መካኒካችን የመረጥነውን 1ኤችዜድ ሳይሞቅ አስነስቶ የዘይት ክዳኑን ከፈተና መዳፉን አፉ ላይ ያዘ፤ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ቢያልቅ ኖሮ ጭሱ እየተገፋ ይወጣ ነበር፤ መዳፉን የነካው ግን ስስ የዘይት ወዝ ብቻ ነው። አሁን የቀረን ፖምፓውን (የናፍጣ መርጫውን) ማስለካትና ሞተሪኖው (ማስነሻው) ባለ 12 ወይስ ባለ 24 ቮልት መሆኑን ማረጋገጥ ነው።