የኖብልስ ካውንቲ ሰው ከየት ከየት እንደመጣ እንዴት አጣራሁ

ኖብልስ ካውንቲ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት ደቡብ ምዕራብ ጥግ፣ ከአዮዋ ጋር በሚዋሰንበት በኩል ያለ የበቆሎና የአኩሪ አተር አገር ነው። በ2020 የሕዝብ ቆጠራ (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) 22,290 ሰው ተመዝግቦበታል፤ ከዚህ ውስጥ 13,947ቱ የሚኖሩት በዋናው ከተማ በወርዚንግተን ነው። የተቀረው በአድሪያን፣ በኤልስዎርዝና በመሳሰሉት ትንንሽ ከተሞች፣ እንዲሁም በየእርሻው ተበትኗል። ወርዚንግተን ውስጥ ግን ትልቅ የአሳማ ማረጃ ፋብሪካ አለ። በዚያ ፋብሪካ ምክንያት ከጓቴማላ፣ ከሜክሲኮ፣ ከላኦስ፣ ከበርማ፣ ከሶማሊያ፣ ከኤርትራና ከኢትዮጵያ የመጣ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ ቢላዋ ይስላል። እኛ አሳማ የማንበላ ሰዎች እንጀራችንን ከአሳማ ማግኘታችን እስከ ዛሬ ያስቀኛል።

ወደ ቁጥር የገባሁት የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አንድ ጥያቄ ስለቀረበለት ነው። ለሕክምና አስተርጓሚ እንዲመደብልን ስንጠይቅ «ስንት ናችሁ?» ተባልን። አንዱ አባል ከሺህ እንበልጣለን አለ፤ ሌላው ሁለት መቶም አንሞላም ብሎ ማለ። ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ አይሰለቸኝምና ሥራው ለእኔ ተሰጠ።

መጀመሪያ የከፈትኩት ሁሉም ሰው የሚከፍተውን የዘር ሠንጠረዥ ነው። እዚያ ላይ ነጭ፣ ጥቁር፣ እስያዊ፣ የአሜሪካ ቀደምት ሕዝብ፣ የፓስፊክ ደሴቶች ተወላጅ፣ «ሌላ ዘር» እና «ሁለትና ከዚያ በላይ ዘር» የሚሉ ረድፎች አሉ። ሂስፓኒክ (ከስፓኒሽ ተናጋሪ አገሮች የመጣ ወይም የዘር ሐረጉ ከዚያ የሆነ) የሚለው በዚህ ውስጥ የለም፤ ለብቻው የቀረበ ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሂስፓኒክ የሆነ ሰው ከየትኛውም ዘር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የዘሩንና የሂስፓኒኩን መቶኛ ደምሮ ከመቶ በላይ ያገኘ ሰው አይደንግጥ። እኔ የሚሻለኝ «ሂስፓኒክ ያልሆኑ ነጮች»፣ «ሂስፓኒክ ያልሆኑ ጥቁሮች» እያለ የሚዘረዝረው ሠንጠረዥ ነው፤ እዚያ አንድ ሰው የሚቆጠረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያም ሆኖ ከጓቴማላ ደጋ የመጣው፣ ስፓኒሽ ሁለተኛ ቋንቋው የሆነው የማያ ተወላጅና ከቴክሳስ የመጣው ሜክሲኳዊ በአንድ ረድፍ ይውላሉ። ጥቁር የሚለው ረድፍ ደግሞ ኦሮሞውን፣ አማራውን፣ ኤርትራዊውን፣ ሶማሌውንና ከጋምቤላ የመጣውን አኝዋክ አንድ ላይ ይጠቀልላል።

የ2010ንና የ2020ን የዘር ቁጥር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ነጩ ሕዝብ ይህን ያህል ቀነሰ» ማለት ደግሞ ትልቅ ወጥመድ ነው። በ2020 ነጭ ወይም ጥቁር ነኝ ያለ ሰው ከየት እንደመጣ የሚጽፍበት መስመር ቀረበለት። የቆጠራ ቢሮው ያንን ጽሑፍ የሚያነብበትንና የሚመድብበትን መንገድም አሰፋ። ነጭ የሚለውን ምልክት አድርጎ ከሥሩ «ሜክሲኳዊ» ብሎ የጻፈ ሰው ነጭም «ሌላ ዘር»ም ተብሎ ወደ ሁለት ዘር ረድፍ ይገባል። በመላው አገሪቱ ሁለትና ከዚያ በላይ ዘር ያለው ሕዝብ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ9 ሚሊዮን ወደ 33.8 ሚሊዮን ያሻቀበው ሁሉም ስለተጋባ አይደለም። እንዲህ ባለ ካውንቲ፣ ሂስፓኒኩ ገና በ2010 ከሕዝቡ አንድ አምስተኛውን ባለፈበት፣ ይህ የአመዳደብ ለውጥ የሠንጠረዡን መልክ ይቀይረዋል። ለንጽጽር የሚያስተማምነው የሂስፓኒኩ ጥያቄና ጠቅላላው የሕዝብ ቁጥር ነው።

ያው የ2020 ቅጽ ግን ለእኛ አንድ በጎ ነገር ይዞ ነበር። ጥቁር ከሚለው ሥር በምሳሌነት ከተዘረዘሩት ውስጥ ኢትዮጵያዊ የሚለው ቃል ታትሟል። መስመሩን ባዶ የተወ ሰው ጥቁር ተብሎ ይቆጠራል እንጂ ኢትዮጵያዊ ሆኖ አይታይም። በማኅበራችን ውስጥ ያን መስመር የሞላውን ሰው ስፈልግ አብዛኛው ምልክቱን አድርጎ አልፎታል፤ ከፈረቃ ተመልሶ ደክሞት የሞላው ሰው ምን ይፈረድበታል?

ቀጥዬ የሄድኩት የአሜሪካ ማኅበረሰብ ጥናት ወደሚባለው ነው። በየዓመቱ ወደ 3.5 ሚሊዮን አድራሻ የሚላክ መጠይቅ ሲሆን የትውልድ አገርን፣ የዘር ሐረግንና ቤት ውስጥ የሚነገረውን ቋንቋ ይጠይቃል። 65,000 ሰው ላልሞላበት አካባቢ የአንድ ዓመት ሙሉ ዝርዝር ስለማይታተም ለኖብልስ ይህ ዝርዝር የሚገኘው በአምስት ዓመት ድምር ብቻ ነው። ከእያንዳንዱ ግምት አጠገብ የስሕተት ህዳግ የሚባል ቁጥር ተጽፏል፤ እሱን ሳያይ ያለፈ ሰው ምንም አላነበበም። ለምሳሌ 150 ተብሎ አጠገቡ ±120 ቢቀመጥ፣ እውነተኛው ቁጥር 30ም 270ም ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ተከታታይ ዓመቶችን ማወዳደርም ዋጋ የለውም፤ ከ2016 እስከ 2020 ያለውና ከ2017 እስከ 2021 ያለው አራቱን ዓመት ይጋራሉ። የማይደራረቡ አምስት አምስት ዓመቶችን መያዝ ነው።

የትውልድ አገሩ ሠንጠረዥ ኢትዮጵያን ለብቻዋ ያወጣታል፤ ደስ ይላል። ነገር ግን እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን በዚያ ረድፍ የሉም፤ ኬንያ ስደተኛ ጣቢያ ውስጥ የተወለዱትም በኬንያ ነው የሚቆጠሩት። ከአኝዋክ ቤተሰቦች መካከል አባትና እናት በአንድ ረድፍ፣ የመጀመሪያ ልጅ በሌላ፣ ታናናሾቹ በሦስተኛ ረድፍ የተቀመጡበት ቤት አለ። የቋንቋው ሠንጠረዥ ልጆቹን ይመልሳል፤ ሆኖም አማርኛን ከሶማሊኛና ከሌሎች በርካታ ቋንቋዎች ጋር በአንድ ረድፍ አጭቋል። ለአስተርጓሚ ጥያቄ ይህ ምን ያደርጋል?

ከሁሉም የጠቀመኝ የሚኒሶታ ትምህርት መሥሪያ ቤት የሚያወጣው ሰነድ ሆኖ ተገኘ። በየትምህርት ወረዳው ተማሪዎች ቤታቸው ውስጥ የሚናገሩት ቋንቋ አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ካረን (ከበርማ የመጡ ሰዎች ቋንቋ) እየተባለ ለየብቻ ይዘረዘራል። ግምት ሳይሆን ወላጅ ልጁን ሲያስመዘግብ የሚሞላው ነው። ጉድለቱ ልጅ የሌለው ላጤ አለመታየቱ ነው፤ ማረጃው ደግሞ በላጤ የተሞላ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ካውንቲው ከጠበቅሁት በላይ ተማርኩ። በወርዚንግተን ትምህርት ቤቶች ነጭ ያልሆኑ ተማሪዎች አብላጫውን ይዘዋል፤ ዕድሜው ከስድሳ አምስት ያለፈውን ብቻ ለይተው ቢያዩ ግን ሌላ ካውንቲ የገቡ ይመስላል፤ ከሞላ ጎደል ነጭ ነው። ለትምህርት ቤት ማስፋፊያ የቀረበው የገንዘብ ጥያቄ አምስት ጊዜ በሕዝብ ድምፅ ወድቆ በ2019 ያለፈው በዚህ መሀል ነው። ክፍሉን ያጣበበው ልጅ አይመርጥም፣ ወላጁ ዜጋ ካልሆነ እሱም አይመርጥም፣ ግብሩን የሚከፍለው ባለመሬት ይመርጣል። አንድ መቶኛ ለመላው ካውንቲ ሲሰጥ ይህን ሁሉ ይሸፍነዋል። ስለዚህ የዘር ሠንጠረዥ ያለ ዕድሜ ሠንጠረዥ አላነብም።

ከጉዳዬ ወጣ ብዬ የድሮ ቆጠራዎችንም ገልብጫለሁ። የግለሰብ መዝገብ 72 ዓመት ሲሞላው ለሕዝብ ይከፈታል፤ የ1950ው በ2022 ተከፍቷል። በ1910ና በ1920 ቆጣሪው አፍ መፍቻ ቋንቋን ጭምር ይጠይቅ ነበር። የኖብልስን ገጾች ስታዩ ጀርመንኛ፣ ኖርዌይኛ፣ ስዊድንኛ፣ ደችኛ በእጅ ጽሑፍ ተደርድሯል። አድሪያንን የካቶሊክ ሰፈራ ያደረጓት ጳጳስ ጆን አየርላንድ ናቸው። መሬቱ ደግሞ ለአሜሪካ መንግሥት ከተላለፈበት ከ1851ዱ ውል በፊት የቀደምቱ የዳኮታ ሕዝብ ነበር። ዛሬ ነጭ ተብሎ በአንድ ረድፍ የሚነበበው ያ ሁሉ ነው። ካውንቲው «ድሮ አንድ ዓይነት ነበር» የሚለኝን ሰው እነዚያን ገጾች አሳየዋለሁ።

የቀረው እግር የሚጠይቅ ሥራ ነበር፤ በቤተ ክርስቲያን፣ በመስጊድ፣ በዕድርና በሱቅ እየዞሩ ቤተሰብ መቁጠር። ስም አልጻፍኩም፤ በቤቱ ስንት ሰው እንዳለና ሐኪም ፊት በየትኛው ቋንቋ መናገር እንደሚሻላቸው ብቻ ጠየቅሁ። «ብሔርህ ምንድን ነው?» የሚለውን ሆን ብዬ ተውኩት። አገር ቤት በቀበሌ መታወቂያ ላይ ብሔር ሲጻፍ የኖረበትና በዚያ የተጎዳ ሰው ጥያቄውን ሲሰማ በሩን ይዘጋል። አንድ አዛውንት ወረቀቴን አይተው «ልጄ፣ ይህ የማን መዝገብ ነው?» አሉኝ። ገልብጠው እስኪያዩት ድረስ ሰጠኋቸው፤ ስም እንደሌለበት ካረጋገጡ በኋላ ቡና አስቀረቡልኝ፤ የጎረቤቶቻቸውንም ቤት ራሳቸው አሳዩኝ። ታኅሣሥ 2006 የፌዴራል ኢሚግሬሽን ማረጃውን ወርሮ ከ200 በላይ ሠራተኛ የወሰደበትን ቀን የሚያስታውሱ ሂስፓኒክ ጎረቤቶችም የምን ወረቀት እንደያዝኩ ይጠይቁኝ ነበር።

በመጨረሻ ያቀረብነው አንድ ቁጥር ሳይሆን ዝቅተኛና ከፍተኛ ነው። ዝቅተኛው የትውልድ አገሩ ሠንጠረዥ ከስሕተት ህዳጉ ጋር፣ ከፍተኛው የራሳችን ቆጠራ፤ በመሀል የትምህርት ቤቱን የቋንቋ ዝርዝር ማመሳከሪያ አድርገን አስቀመጥነው። አማርኛ፣ ኦሮምኛና አኝዋክኛ ለየብቻ ተጻፉ። ተቀባዮቹ እንደተለመደው ዝቅተኛውን ይዘው ለአማርኛና ለኦሮምኛ በስልክ አስተርጓሚ መደቡ፤ አኝዋክኛ ቀረ። አዲሱ የአምስት ዓመት ሠንጠረዥ ሲወጣ የአኝዋክ ማኅበር ሰዎች የየቤታቸውን የልጅ ቁጥር ይዘው አብረውኝ ሊገቡ ተስማምተናል።