ሲሸጥ ወንድም፣ ሲበላሽ ባዳ

ሙያዬ የጊታር ጥገና ነው። የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቅ የሙዚቃ መሣሪያ መደብር ነው። የኋላው ክፍል የእኔ፣ የፊቱ የሻጮቹ ነው። በመሃል ያለው በር ስለማይዘጋ ፊት ለፊት የሚባለው ሁሉ ጆሮዬ ይገባል።

ከደንበኞቻችን አንዱ ቅዳሜና እሁድ በሀበሻ ምግብ ቤቶች የሚጫወቱ አንጋፋ ጊታሪስት ናቸው። አዲስ አበባ ሆቴሎች ውስጥ ሲጫወቱ ኖረው የመጡ ሰው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው፤ ስማቸው ይቅር። ፒአርኤስ የተባለው የሜሪላንድ ጊታር ሠሪ ኩባንያ ኢንዶኔዥያ የሚያሠራውን ርካሽ ሞዴል፣ ኤስኢ ከስተም 24ን፣ ከእኛ ሲገዙ ሻጩ ያላቸውን በደንብ ሰምቻለሁ። «ዲዛይኑ ያው፣ ኩባንያው ያው። እዚህ ሜሪላንድ ከሚሠራው ጋር ወንድማማች ናቸው። የሚለያዩት በተሠሩበት አገር ብቻ ነው» አላቸው። ከ1,000 ዶላር በታች ከፍለው፣ ደስ ብሏቸው ወጡ።

ወራት አለፉና ጋሼ ጊታራቸውን ይዘው ተመለሱ። ሦስተኛዋ ክር፣ ጂ፣ አስቸግራቸዋለች። ያው ሻጭ ነበር የተቀበላቸው። ጊታሩን ከቦርሳው እንኳን ሳያወጣው፣ «እንግዲህ ይሄ የኢንዶኔዥያው ነው፤ ከዚህ በላይ አይጠበቅበትም። ቅኝት የሚጠብቅ ከፈለጉ ያንን ማየት አለብዎት» ብሎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የሜሪላንዱን ከስተም 24 አሳያቸው። ዋጋው ከ4,000 ዶላር በላይ ነው። የእሳቸውን በ350 ዶላር እንደሚረከባቸውም ነገራቸው።

ቆሽቴ አረረ። ከአንድ አፍ፣ ለአንድ ሰው፣ ስለ አንድ ጊታር የወጣ ቃል ነው። ገንዘብ ሲቀበል ወንድም የነበረው ጊታር፣ ስሞታ ሲመጣ ባዳ ሆነ።

ተነስቼ ወደ ፊት ወጣሁ። ጋሼ ሲያዩኝ በአማርኛ፣ «ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ተሸውጃለሁ?» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ ከገንዘቡ ይልቅ እፍረቱ ይሰማ ነበር። በዚህ ዕድሜ፣ በዚህ ሙያ፣ ርካሽ ዕቃ አታለላቸው የተባሉ ያህል ነበር።

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ልየው፤ ከዚያ እነግርዎታለሁ። ሲጫወቱበት ምን ይሆናል?»

«ትዝታ ስጀምር ደህና ናት። ጎትቼ አልቅሼባት ስመልሳት ግን ወርዳ ትቀራለች። ሁለተኛው ስንኝ ላይ ከኪቦርዱ ጋር አንገናኝም።»

ይቺ አንድ ዓረፍተ ነገር ለእኔ በቂ ነበረች። ጊታሩን ጠረጴዛዬ ላይ አስተኝቼ ከቅኝት መለኪያው (ቲዩነሩ) ጋር አገናኘሁት። ጂን ቃኘሁ፣ በኃይል ጎተትኩ፣ ለቀቅኩ፤ ወረደች። ከዚያ ከነቱ (በአንገቱ ጫፍ ክሮቹ ከሚያርፉበት ባለ ቦይ ቁራጭ) ጀርባ፣ በነቱና በመቃኛው መሃል፣ ክሯን በጣቴ ጫን አደረግኳት። «ጢንግ» አለችና ቦታዋ ተመለሰች። መቃኛው ቢላላ ኖሮ ይህ አይሆንም። ክሯ ነቱ ላይ ያለው ቦይ ውስጥ ተነክሳ ነው። ሲጎትቷት ወደ ፊት ትንሸራተታለች፣ ሲለቋት ግን መመለሻ ታጣለች።

ለምን ተነከሰች? ጋሼ የሚያስሩት ወፍራሙን ባለ 11 ክር ነው፤ ወጣት ሆነው የለመዱት ውፍረት ነው፣ ድምፁም ይሞላላቸዋል። ጊታሩ ከፋብሪካ ሲመጣ የታሰረበት ግን ቀጭኑ ባለ 9 ነው፣ የነቱም ቦይ የተሞረደው በዚያው ልክ ነው። ጠባብ ጫማ ውስጥ የገባ እግር እንደማለት ነው። ከሜሪላንዱ ፋብሪካ የወጡ ጊታሮችም በዚሁ ምክንያት ጠረጴዛዬ ላይ ተኝተው ያውቃሉ። ባለቤቱ ወፍራም ክር አስሮ ነቱን ሳያስሞርድ ከቀረ የየትኛውም አገር ጊታር ይከዳዋል። የኢንዶኔዥያ ሠራተኛ በዚህ ምንም ዕዳ የለበትም።

ሻጩ ተከትሎኝ መጥቶ በሩ ላይ ቆሟል። «የሜሪላንዱ እኮ ክር የሚቆልፍ መቃኛ አለው» አለኝ። እውነት ነው፣ አለው። የሚቆለፈው ግን መቃኛው ጋ ነው፤ ነቱ ላይ የተነከሰን ክር አያስለቅቅም። ይህንንም አሳየሁት። መልስ አልሰጠኝም።

ቦዩን በልኩ ሞረድ አሰፋሁት። ጥልቀቱን አልነካሁም፣ ስፋቱን ብቻ ነው፤ ዝቅ ካለ ክሩ ፍሬቱ (አንገቱ ላይ የተተከሉት የብረት ዘንጎች) ላይ ይንጫጫል። መውጫውን በትንሹ ወደ መቃኛው አዘነበልኩት፣ እንዲያንሸራትት የእርሳስ ብናኝ አስነካሁትና ክሩን መለስኩ። ጋሼ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው ትዝታን ጀመሩ። ጎተቱ፣ መለሱ፣ ደግመው ጎተቱ። ክሯ በቦታዋ ናት። 35 ዶላር ከፈሉ።

ከዚያ በኋላ ነው ጋሼ ዋናውን ጥያቄ የጠየቁኝ። «ታዲያ ያ ግድግዳው ላይ ያለው በምኑ ነው አራት እጥፍ የሆነው?» እኔም አልሸፋፈንኩም። የፒአርኤስ ፋብሪካ ስቲቨንስቪል ነው፣ ቤይ ብሪጅን ተሻግሮ፣ ከእኛ የአንድ ሰዓት መንገድ ቢሆን ነው። ያኛው እዚያ በአሜሪካ የሠራተኛ ዋጋ ይሠራል። ፊቱ ወፍራም የተቀረጸ ሜፕል ነው። የእርስዎ ላይ የሚያዩት የእንጨት ነበልባል በስስ ልባጥ ነው የተለበጠው። የዚያኛው አንገት ማሆጋኒ፣ የእርስዎ ሜፕል ነው። የክሩን ድምፅ የሚቀበለው ፒክአፑም የስም ዘመድ እንጂ አንድ አይደለም። እጄን ካመንኩ ያኛው ይበልጣል፤ አንገቱ ላይ የፍሬቱን ጫፍ ሲዳስሱት ያስታውቃል። ግን 25 ኢንች የክር ርዝመቱ ያው ነው፣ 24 ፍሬቱም ያው ነው፣ የእርስዎን ችግር የፈጠረው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ልዩነት አንዱም አይደለም። ይህን ነው የነገርኳቸው።

ይህን ንግድ አልጠላውም። ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1982 ርካሹን ስኳየርን ጃፓን ማሠራት ሲጀምር፣ ጊብሰንም ርካሹን ኤፒፎንን ወደ እስያ ሲወስድ፣ ፒአርኤስም እ.ኤ.አ. በ2001 በጊታሪስቱ ሳንታና ስም የወጣውን ኤስኢ ኮሪያ ሲያሠራ፣ ጥሩ ጊታር የመያዝ ዕድል ያላገኘ ሰው እጅ ላይ ጥሩ ጊታር ገብቷል። የዛሬዎቹ የኢንዶኔዥያ ኤስኢዎች እኔ ጀማሪ ሳለሁ በዚያ ዋጋ ይገኝ ከነበረው ጋር አይወዳደሩም፤ እጅግ ይሻላሉ። የሚያናድደኝ ያንን የደከመ የሠራተኛ እጅ፣ ሽያጭ ሲፈለግ ማሞገስ፣ ሽያጭ ሲፈለግ ደግሞ መስደብ ነው። ደንበኛውም በዚህ መሃል የገዛውን ማመን ያቅተዋል።

ጋሼ እንደወጡ ሻጩ፣ «የ4,000 ዶላር ሽያጭ በ35 ዶላር ለወጥከው» አለኝ።

«የሰውየው ችግር የ35 ዶላር ነበር» አልኩት።

ነገሩ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ደረሰ። ጠርቶ፣ በትህትና፣ ስለ ዋጋና ስለ ሞዴል የሚነገረው ከፊት እንደሆነ፣ የእኔ ሥራ ጥገና ብቻ እንደሆነ አስረዳኝ። ሻጩን ምን እንዳለው አላውቅም፤ የሽያጭ ንግግሩ ግን አልተለወጠም። እኔ አንድ ነገር ለመንኩ፦ ጊታር ሲሸጥ ገዢው የሚያስረው የክር ውፍረት ተጠይቆ፣ ነቱ በዚያው ልክ ተስተካክሎ ይውጣ አልኩ። የሩብ ሰዓት ሥራ ነው። «እናስብበታለን» ተባልኩ፤ እስካሁን እየታሰበበት ነው።

ጋሼ ኋላ የሜሪላንዱን ገዙ። ያገለገለ አግኝተው፣ ከሌላ መደብር። አልደበቁኝም፤ ድምፁን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደውት እንደነበር፣ ነገር ግን ያኔ ቢገዙት በቁጭት የገዙት ይሆንባቸው እንደነበር ነገሩኝ። «አሁን ወድጄ ነው የገዛሁት» አሉ። ኤስኢውን አልሸጡትም፤ ሠርግ ሲጠሩ የሚይዙት እሱን ነው። ለአዲሱም ባለ 11 ክራቸውን ይዘው መጡና ነቱን ሞረድኩላቸው።

እኔ ከፊት «ይሄ እኮ የኢንዶኔዥያው ስለሆነ ነው» የሚል ቃል በሰማሁ ቁጥር አሁንም ተነስቼ እወጣለሁ። ሥራ አስኪያጁ ከዚያ ወዲህም ተናግሮኛል። ጊታሩን «እስቲ ልየው» ብዬ ተቀብዬ ወደ ጠረጴዛዬ እወስደዋለሁ።