እናቴና የዋሽንግተን ሜትሮ ካርታ

ዛሬ እናቴን ከሲልቨር ስፕሪንግ የእኛ ምግብ ቤቶች ወዳሉበት ወደ ዩ ስትሪት በባቡር ወሰድኋት። ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ሦስተኛ ሳምንቷ ነው፤ እንግሊዝኛ አታነብም። ባቡሩ ውስጥ ከተሰቀለው ካርታ ፊት ቆማ መነጽሯን አስተካከለችና ጣቷን በቀዩ መስመር ላይ አሳለፈች። «በቀዩ ሁለት ጣቢያ፣ ከዚያ በአረንጓዴው ሦስት፤ አይደል?» ልክ ነበረች! ፎርት ቶተን ላይ ወርደን ወደ ታችኛው መድረክ ሄድን። የመድረኩ ጠርዝ መብራቶች ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምሩ «መጣ!» ያለችው ከእኔ ቀድማ ነው።

ካርታው ሜትሮው እ.ኤ.አ. በ1976 ሥራ ሲጀምር ዲዛይነሩ ላንስ ዋይማን ከሠራው የመነጨ ነው። ርቀትን በትክክል አያሳይም፤ የሐዲዱን ጠመዝማዛ ሁሉ አቃንቶ ወፋፍራም የቀለም መስመሮችን ብቻ ያስቀራል፤ ዛሬ ስድስት ደርሰዋል። መንገደኛ የሚፈልገው የት እንደሚቀይርና የት እንደሚወርድ ማወቅ ነው። እኔ ይህን ካርታ የምወደው ለዚህ ነው፤ እንግዳውን ከነዋሪው እኩል ያደርገዋል።

ማታ እማዬ ካርታውን በወረቀት እንዳመጣላት ጠየቀችኝ፤ አዲስ አበባ ላለችው አክስቴ ልትልክላት።