ኦቨን የማይፈልገው የገና ብስኩት

ቤታችን አራት ኪሎ ነው፤ ኦቨን የለንም። ስለዚህ አሜሪካ የምትኖረው አክስቴ በየገናው የምትሠራውን የማይጋገር የአጃና የካካዎ ብስኩት በስልክ ስትነግረኝ እየተከተልኩ ጻፍኩት። ሁለት ኩባያ ስኳር፣ ግማሽ ኩባያ ወተት፣ 113 ግራም ገደማ የገበታ ቅቤና ሩብ ኩባያ ካካዎ አንድ ደቂቃ ይፈላል። ከእሳት ከወረደ በኋላ ግማሽ ኩባያ የለውዝ ቅቤ፣ ትንሽ ቫኒላና ሦስት ኩባያ አጃ ይገባበታል። ከዚያ በማንኪያ እየቆነጠሩ ትሪ ላይ ማስቀመጥ ነው።

የከበደኝ ጾሙ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ ወተትም ቅቤም አይቀመስም፤ ብስኩቱ ግን ለገና ሌሊት መድረስ አለበት። ሳልቀምስ ልሠራው ነው።

በመጀመሪያው ቀን ቤት የነበረውን የአጃ ቅንጬ ጨመርኩበት፤ የገበታ ቅቤም ስላልነበረ ለጋ ቅቤ ተጠቀምኩ። ቅንጬው ረጅም ጊዜ ካልበሰለ አይለሰልስም፤ እንደ ጠጠር ቀረ። ድብልቁም አድሮ እንኳን ትሪው ላይ እንደ ሙጫ ይሳብ ነበር። ፒያሳ ሄጄ ጠፍጣፋውን የተዳመጠ አጃና የገበታ ቅቤ ገዛሁ። በሁለተኛው ሙከራ ያው እንዳይደገም ፈርቼ ብዙ አፈላሁት፤ ድስቱ ውስጥ እያለ ደርቆ እንደ በሶ ተበተነ። ለጾም ያልደረሰው የጎረቤታችን ልጅ ግን ፍርፋሪውን በእፍኙ በላው።

እናቴ ቆማ ስታየኝ ቆይታ፣ «ቅቤ ሳነጥር ምን ትሰሚያለሽ?» አለችኝ።

ነገሩ የገባኝ ያኔ ነው። ቅቤ ሲነጠር ውኃው እስኪያልቅ ይንጫጫል፤ ሲያልቅ ዝም ይላል። እዚህም ሥራው ውኃን መቀነስ ነው። ትንሽ ሲፈላ ውኃ ይተርፍና ብስኩቱ አይጠነክርም፤ ሲበዛ ስኳሩ ቶሎ ይደርቅና ይፈረፈራል። አንዱን ደቂቃ የምቆጥረው የመጀመሪያው አረፋ ብቅ ሲል ነበር፤ ስህተቴ ይህ ነው። መቆጠር ያለበት በማማሰያ እየተማሰለም መፍላቱን ሳያቆም፣ ከዳር እስከ ዳር ሲንተከተክ ነው።

ቴርሞሜትር ያለው ሰውም ውጭ አገር የተጻፈውን ቁጥር እንዳለ አይውሰድ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች ውኃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው፤ ስኳሩ የሚደርስበት ሙቀትም ከሰባት እስከ ስምንት ዲግሪ ያህል ዝቅ ይላል። እኔ የተማመንኩት በአንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ ነው። ከድስቱ አንድ ጠብታ ውኃው ውስጥ እጥላለሁ። እንደ ጭስ ከተበተነ ገና ነው። ብርጭቆው ሥር ተሰብስቦ በጣቶቼ መካከል ለስላሳ እንክብል ከሆነልኝ ድስቱን አወርዳለሁ። መቅመስ ለማይችል ሰው ከዚህ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም።

ሦስተኛው ሙከራ መሐል ላይ መብራት ጠፋ። እናቴ ከሰሉን አያያዘችልኝ፤ ድስቱ ሲመለስ ደቂቃውን ትቼ ብርጭቆዬን አየሁ። አጃውን ከጨመሩ በኋላ መቸኮል ያስፈልጋል፤ ትሪው አስቀድሞ ቅቤ ተቀብቶ ይጠብቅ። መጀመሪያ የተቀመጡት እንደ እርጥብ ጭቃ ያብረቀርቁ ነበር፤ ከዚያ ማብረቅረቃቸው ከጫፍ ጀምሮ እየደበዘዘ ወደ መሐል ሄደ። በታኅሣሥ ብርድ ማቀዝቀዣ አላስፈለገም፤ መስኮቱ ሥር ግማሽ ሰዓት በቂ ነበር።

የገና ሌሊት ከቅድስት ሥላሴ ቅዳሴ ስንመለስ፣ እናቴ ነጠላዋን ሳታወልቅ አንዱን አነሳች። በጥሞና አኘከችው።

«ለውዝ ቆልተሽ፣ ከክተሽ ጨምሪበት» አለችኝ።

ለጥምቀት ጨመርኩበት። ትሪው በዕለቱ ከሰዓት ባዶ ሆነ።