ቀብር ባለበት ቀን በሬ አይጠመድም

ደሴ ውስጥ የ12ኛ ክፍል ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ለሳይንስ ክበቡ ልጆች ከመማሪያ መጽሐፉ ወጣ ያለ ነገር ላቅርብ ብዬ ተነሣሁ፦ የበሽታ መከላከያ ሴሎች የሚልኩት ምልክት የካንሰር ሴሉን ራሱን እንዴት መባዛት እንደሚያስቆመው። ሦስት ሌሊት አነበብኩ። መጀመሪያው ቀን ግን ተበላሸብኝ።

ጥፋቴ ስም መደርደሬ ነው። ምልክቱ፣ ማለትም ኢንተርፌሮን ጋማ የተባለው ፕሮቲን፣ ሴሉ ላይ ካለው ተቀባዩ ጋር ይገጥማል፤ ጃክ 1 እና ጃክ 2 የተባሉ ኢንዛይሞች ሴሉ ውስጥ ይነቃሉ፤ ስታት 1 በተባለ ፕሮቲን ላይ ፎስፌት ይለጥፋሉ፤ ስታት 1 ጥንድ ሆኖ ኒውክለስ ይገባል። ሰሌዳው በቀስት ተሞላ። ከኋላ የተቀመጠች ልጅ፣ «ቲቸር፣ ታዲያ ካንሰሩን የሚገድለው ኢንተርፌሮኑ ነው?» አለችኝ። አዎ ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

መልሱን ያገኘሁት ከመጽሐፍ አይደለም። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዬዎች ቅሬ እንለዋለን። በማግስቱ ሊነጋጋ ሲል ሰፈር ውስጥ ቅሬ ሲለፈፍ ሰማሁ። ለፋፊው መቃብር አይቆፍርም፣ እንጀራም አይጋግርም። ጮኾ ያልፋል፤ ሥራው ያለው በየቤቱ ነው።

በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ከዚህ ጀመርኩ። ኢንተርፌሮን ለፋፊው ነው። ቲ ሴልና ተፈጥሯዊ ገዳይ ሴል የተባሉ የበሽታ መከላከያ ሴሎች ይለቁታል፤ ሥራውን የሚሠሩት ግን ጥሪውን የሰማው ሴል ውስጡ የሚያመርታቸው ፕሮቲኖች ናቸው። ቀድመው ከሚመረቱት አንዱ አይአርኤፍ 1፣ ቃሉን ተቀብሎ ወደ ሌላ ጎጥ እንደሚያሻግር ሰው፣ ሌሎች ዘረመሎችን ይቀሰቅሳል። ፒ 21 የሚባለው ደግሞ ሴሉ ዲኤንኤውን ለመቅዳት የሚያስፈልገውን ሲዲኬ 2 የተባለ ኢንዛይም ይዞ ያስቆመዋል። እዚህ ላይ ያቺው ልጅ፣ «ስለዚህ አልሞተም፤ ቆሟል ማለት ነው» አለች። እኔም የአባቴን ቀበሌ አስታወስኩ፤ ቀብር ባለበት ቀን በሬ አይጠመድም። በሬው አልሞተም፣ ማሳውም አለ፤ እርሻው ብቻ ቆሟል።

ጥሪውን የሰማው ሴል የሚያመርተውን አይዶ የተባለ ኢንዛይም ደግሞ በጣም ወደዱት። ሴሉ ውስጥ ያለውን ትሪፕቶፋን፣ ማለትም ሰውነታችን ከምግብ እንጂ ራሱ የማይሠራውን አሚኖ አሲድ፣ ይሰባብረዋል። በቤተ ሙከራ፣ በአንዳንድ የካንሰር ሴሎች ላይ፣ ትሪፕቶፋን ሲጨመርላቸው መባዛታቸው ተመልሷል። ስንቅ አልቆባቸው ነበር ማለት ነው። ችግሩ የስንቁ ማለቅ አጠገባቸው ያለውን ቲ ሴልም ያደክመዋል።

ከዚያ የፈራሁት ጥያቄ መጣ፦ «ታዲያ ለሁሉም ለምን በመርፌ አይሰጥም?» ተሞክሯል አልኳቸው። ኢንተርፌሮን እ.ኤ.አ. በ1957 በአሊክ አይዛክስና በዣን ሊንደንማን ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1986 የጋማው ዘመድ የሆነው ኢንተርፌሮን አልፋ አሜሪካ ውስጥ ለአንድ ዓይነት የደም ካንሰር ተፈቀደ። ግን እንደ ኢንፍሉዌንዛ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ያመጣል፤ ሁሉም ካንሰርም አይሰማውም። ጃካቸው የተበላሸባቸው ዕጢዎች ቢለፈፍም ባይለፈፍም አንድ ነው። ይባስ ብሎ ይኸው ጥሪ ፒዲ ኤል 1 የተባለውን ፕሮቲን ያስወጣል፤ ካንሰሩም በእሱ ተከልሎ ቲ ሴሉን ያዘናጋዋል። ሰው ሁሉ ለቅሶ መሄዱን ከለፋፊው ሰምቶ ቤት የሚሰብር ሌባም አለ አልኳቸው፤ ሳቁ።

ድጋሚ ባስተምረው ጃክና ስታትን ወደ መጨረሻ እወስዳቸዋለሁ። ልጆቹ መጀመሪያ ማን ጠራ፣ ማን ሰማ፣ ማን ሠራ የሚለውን ይለዩ። «ይገታል» እና «ይገድላል» የሚሉትን ቃላትም ከመጀመሪያው ደቂቃ አለያያለሁ፤ የባከነብኝ ሰዓት ግማሹ በእነሱ መቀላቀል ነው።

ደወል ሲደወል ያቺ ልጅ ጠመኔውን ተቀብላኝ ከቀስቶቼ ጎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለ ቀንበር ሳለች፤ ሥሩም «ፒ 21» ብላ ጻፈችበት። የእኔን ቀስቶች አጥፍቼ የእሷን ተውኩት።