ታምቡሩን ከመጣሌ በፊት ማን በነገረኝ

ቮልሴ የ1964 እ.ኤ.አ. ስሪት ናት፤ በአራቱም ጎማ በታምቡር ፍሬን፣ ማለትም ሸራው ከጎማው ጋር የሚዞር ከበሮ መሰል ብረት ከውስጥ በሚገፋበት ፍሬን የምትቆም። ቁልቁለት ላይ ፔዳሉ እየጠለቀ፣ መሪው ወደ ቀኝ እየሳበ ቢያስቸግረኝ «ዘመኑ የዲስክ ነው» ብዬ ለፊት ጎማዎች የሚሆን ሙሉ ዕቃ ገዛሁ። አሮጌውን መፍታት፣ ዲስኩንና ሸራውን በዲስኩ ላይ የሚጨብጠውን ካሊፐር ማሰር፣ አየር ማስወጣት፤ አንድ ቅዳሜ በቃኝ። ኩራቴ እስከ እሑድ ጠዋት ቆየ።

እሑድ ሃያ ደቂቃ እንደነዳሁ መኪናዋ ከበደች። እግሬን ከነዳጅ መስጫው ሳነሳ እንደ ግትር በቅሎ ቀጥ ትላለች። ወርጄ የፊት ቸርኬዋ ላይ ውሃ ጠብ ባደርግ ቸስ አለ። ካሊፐሮቹን ፈታሁ፤ ንጹሕ ናቸው። የፍሬን ዘይት የሚያልፍባቸውን የጎማ ቱቦዎች ቀየርሁ። በፔዳሉ ዘንግና የፍሬን ዘይቱን በሚገፋው ፓምፕ ፒስተን መካከል ሊኖር የሚገባውን 1 ሚሊ ሜትር ክፍተት ለካሁ፤ አለ። ሻጩን ብጠይቀው «ሸራው አዲስ ነው፣ ይለምዳል» አለኝ። ፍሬን በቅሎ ነው እንዴ የሚለምደው!

በሦስተኛው ሳምንት፣ ከንዴት ብዛት፣ ጎማው እንደተያዘ የካሊፐሩን ማስተንፈሻ ብሎን አላላሁት። ፔዳሉን ማንም ሳይረግጥ ዘይቱ ፊጭ ብሎ ወጣ፤ ጎማውም ወዲያው በእጄ ዞረ።

ለካ ግፊቱ ታፍኖ ኖሯል። የታምቡር ፍሬን ፓምፕ መውጫው ላይ ትንሽ ቫልቭ አለው፤ እግር ከፔዳሉ ከተነሳ በኋላም 0.7 ባር ገደማ መስመሩ ውስጥ ያስቀራል፤ ዘይቱን በሚያግዱት ጎሚኒዎች በኩል አየር እንዳይገባ። ታምቡር ውስጥ ሸራውን የሚመልስ ጠንካራ ሞላ ስላለ ይህ አይጎዳም። ዲስክ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሞላ የለም፤ ሸራው እንደተለጠፈ ይቀራል። ከዕቃው ጋር የመጣው ወረቀት «ያለው ፓምፕ ይበቃል» ይላል። አይበቃም!

ፓምፑን ለፊት ዲስክ በተሠራ ባለ ሁለት መስመር ለወጥሁት። በአሮጌው አንድ ቦታ ቢያፈስ አራቱም ፍሬን አብሮ ይሄድ ነበርና፣ ከዲስኩ ሁሉ ይህ መቅደም ነበረበት።

አሁንስ? ረጅም ቁልቁለት ላይ ልዩነቱ ይታወቃል፤ ታምቡር ሲግል እየሰፋ ከሸራው ይሸሻል፣ ዲስክ ይህ ጣጣ የለበትም። ፔዳሉ ግን ከበደ፤ ታምቡሩ ሲዞር አንዱን ሸራ ራሱ ስቦ ያግዘኝ ነበር። ሜዳ ለሜዳ ለሚነዳ ሰው ዲስክ ግዛ አልለውም፤ የሚሉትም ይበሉ።

ባለፈው ወር አሮጌውን ዕቃ ሳጸዳ ሸራውን ወደ ታምቡሩ የሚያስጠጋው የቀኙ ማስተካከያ በካቻቢቴ ጫፍ ዞረ። የግራው በዝገት ተጣብቆ አንዲት ጥርስ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።